የማን ድምፅ ነው?

እኛ ዲማዎች በዝናብ ከረምን። የዲማን ክረምት የማያውቅ ሰው ዝናብ ማለት ጃንጥላ ይዞ የሚታለፍ ነገር ይመስለዋል። እዚህ ግን ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መውረድ ሲጀምር አጠገብህ ካለው ሰው ጋር እንኳ መሰማማት ያቅታል። ከሚዛን የሚመጣው መንገድ ይጨቀያል፤ መኪናው ሲዘገይ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም አብሮ ይዘገያል። ወርቅ አጣቢው ከወንዝ ዳር ተመልሶ ሻይ ቤት ይሰበሰባል። ልጆች ደግሞ ቤት ውስጥ ይታጎሩና እናቶቻቸውን ያሳብዳሉ።

ባለፈው ወር እንዲህ ባለ አንድ ቅዳሜ ነው ስለ ዝናብ የሚዘፍን ፊልም ያየነው። «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «በዝናብ ውስጥ መዝፈን» እንደማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም.። ኤም ጂ ኤም የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ነው የሠራው፤ ዳይሬክተሮቹ ጂን ኬሊና ስታንሊ ዶነን ናቸው። የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የምርጥ ሙዚቃዊ ፊልሞች ዝርዝር 1ኛ ያደረገው ይህን ፊልም ነው። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ አንዷን ትዕይንት ያውቃታል፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ጃንጥላውን አጥፎ፣ የመንገድ መብራት ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ኩሬ ውስጥ እንደ ልጅ እየረገጠ ሲዘፍን።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። የማስታወቂያ ኮርስ መምህራችን ያቺን የዝናብ ትዕይንት ክፍል ውስጥ አሳየን፤ ሙሉውን ማደሪያ ቤት ሄደን በአንድ ላፕቶፕ ለስድስት ተደራርበን ጨረስነው። ያን ጊዜ የቀረልኝ ሁለት ነገር ነው፤ የጂን ኬሊ ዳንስና የሊና ላሞንት ድምፅ። በሊና ድምፅ ሆዴ እስኪያመኝ ነበር የሳቅኩት። ለብዙ ቀናት እያስመሰልኳት ጓደኞቼን አስቄያለሁ።

ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። አሁን ትዳር ይዣለሁ፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሥራዬ ዲማ ውስጥ የገበያ ልማት ባለሙያነት ነው። በዚያ ቅዳሜ ልጄ «ማሚ ደበረኝ» ስትል ፍላሹን ፈልጌ አወጣሁ። የሥራ ባልደረባዬም የበቆሎ እሸት ይዛ መጥታ ዝናቡ ያዛት። አኝዋ ናት፤ ዲማ ተወልዳ ያደገች። ቡናው ተቆላ፣ እሸቱ ተጠበሰ፣ ላፕቶፑ ተከፈተ። እንግሊዝኛውን ልጄ ስለማትከተለው እንደ ትርጉም ፊልም ተራኪዎች እኔ ከጎን ሆኜ «አሁን እንዲህ አላት፣ እሷ ደግሞ እንዲህ አለችው» እያልኩ ማስኬድ ጀመርኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1927 ነው። ፊልም እስከዚያ ድረስ ድምፅ አልባ ነበር። ዶን ሎክዉድና ሊና ላሞንት የዘመኑ ጥንድ ኮከቦች ናቸው፤ ሕዝቡ ፊታቸውን እንጂ ድምፃቸውን አያውቅም። በዚያ ዓመት «ዘ ጃዝ ሲንገር» የሚባል ፊልም ውስጥ ተዋናዩ ሲናገርና ሲዘፍን ተሰማ፤ ይህ በእውነትም የሆነ ነገር ነው። ተመልካቹ ሌላ አልፈልግም አለ። ስቱዲዮዎች በሙሉ ወደ ድምፅ መሮጥ ጀመሩ። ችግሩ ግን ሊና ውብ ሆና ሳለ ድምፅዋ ቀጭንና የሚሰነጥቅ፣ አነጋገሯም የተማረ ሰው የሚንቀው ዓይነት ነው። መፍትሔ ተገኘ፤ ካቲ ሰልደን የምትባል ስም የሌላት ወጣት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ለሊና ትናገርላታለች፣ ትዘፍንላታለች። ሊና አፏን ትከፍታለች፤ የሚሰማው ግን የካቲ ድምፅ ነው።

ከዳንሱ ሌላ ፊልሙን እስከ ዛሬ ሕያው ያደረገው በድምፅ ቀረጻ ላይ ያለው ቀልድ ነው። ማይክሮፎኑን ቁጥቋጦ ውስጥ ይደብቁታል፤ ሊና ፊቷን ባዞረች ቁጥር ድምፅዋ ይጠፋል። ልብሷ ላይ ይሰፉታል፤ የልቧ ምት እንደ ከበሮ ይሰማል። የስቱዲዮው ባለቤት ገብቶ «ይህ ሽቦ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጎትተው ሊና ተገልብጣ ትወድቃለች። ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ ደግሞ ድምፁና ምስሉ ይዛነፍና ሴቲቱ በወንድ ድምፅ፣ ወንዱ በሴት ድምፅ ሲናገሩ ይሰማል። እኔና ባልደረባዬ እዚህ ላይ ተያይተን ሳቅን። ከሦስት ወር በፊት ቢሯችን ውስጥ በስልክ ማስታወቂያ ስንቀዳ ያየነው መከራ ነዋ! መስኮት ስንዘጋ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ዶሮ፣ ዶሮዋ ስትባረር ዝናብ። በአሥራ አራተኛው ሙከራ ነው የተሳካልን።

ከዚያ የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። ሊና መድረክ ላይ ቆማ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ካቲ ከመጋረጃው ኋላ ትዘፍናለች። ሦስት ወንዶች ገመዱን ይስቡና መጋረጃው ይከፈታል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ሊና ትሸሻለች። ልጄ አጨበጨበች። ባልደረባዬ ግን እስከዚያ ከሁላችን በላይ ስትስቅ የነበረች ሴት ዝም አለች። ቆይታ፣

«አሁን የዘፈነችው እውነት እሷ ናት? የማን ድምፅ ነው?» አለችኝ።

«የካቲ ነው እንጂ» አልኳት። የነገረችኝ ስለ ፊልሙ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ምሽት ጥያቄዋን ተከትዬ ስለ ፊልሙ አሠራር የማውቀውንና ያነበብኩትን ሳገጣጥም ነገሩ ከቀልዱም የባሰ ቀልድ ሆኖ አገኘሁት። ካቲን ሆና የተጫወተችው ዴቢ ሬይኖልድስ ናት። ቀረጻው ሲካሄድ 19 ዓመቷ ነበር፤ ጂን ኬሊ ከእሷ 20 ዓመት ገደማ ይበልጣል። ዳንሰኛ አልነበረችም፤ ጂምናስቲክ ነበር የምታውቀው። ሦስቱ በሶፋው ላይ እየተገለበጡ የሚደንሱበትን ትዕይንት ከጠዋት እስከ ሌሊት ስትሠራ ውላ እግሯ ደምቷል። በኋላ ላይ ይህን ፊልምና ልጅ መውለድን በሕይወቷ ከገጠሟት ከባድ ነገሮች ዋና አድርጋ ትጠቅሳቸው ነበር። ጂን ኬሊም ያቺን የደስታ ዝናብ ሲደንስ ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ነበረበት። ዝናቡም ከቧንቧ የወረደ ነው።

ዋናው ግን ድምፁ ነው። ካቲ ለሊና ስትዘፍን የምናያት አንዲት የፍቅር ዘፈን አለች። የምንሰማው የዴቢ ሬይኖልድስ ድምፅ አይደለም። የዘፈነችው ቤቲ ኖይስ የምትባል ሌላ ሴት ናት፤ ስሟም በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ይህ ሳያንስ፣ ካቲ የሊናን ንግግር በተዋበ ድምፅ ስትቀዳ የምናይበት ቦታ ላይ የሚሰማው ድምፅ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሊናን ሆና የተጫወተችው የጂን ሄገን! በቲያትርና በሬዲዮ የሠራች፣ የራሷ ድምፅ ያማረ ተዋናይት ነበረች፤ ያ የሚሰነጥቅ ድምፅ ትወናዋ ነው። ለዚህ ሥራዋ ለኦስካር በረዳት ተዋናይነት ታጭታ ነበር፤ አላገኘችውም።

እንግዲህ እዩት። «የሰውን ድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ አትደብቁ» የሚለው ፊልም ራሱ አንዲት ሴትን ከመጋረጃ ጀርባ ደብቋል። በድምፅዋ የተሳቀባት ሴት ደግሞ የተደነቀውን ድምፅ ያወጣች ራሷ ናት። የባልደረባዬ «የማን ድምፅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲጀምር የተነሣውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። የአገራችን የጥበብ ባለሙያዎች «ገበያችንን ይዘጋል፣ ባህላችንን ይጎዳል» አሉ፤ ተመልካቹ ደግሞ ሪሞቱን አልለቅም አለ። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መሐል እነዚያን የቱርክና የኮሪያ ተዋንያን ሆነው የሚያለቅሱልን፣ የሚቆጡልን፣ የሚያፈቅሩልን የአገራችን ልጆች ምን ያህሉን በመልክ እናውቃለን? መንገድ ላይ ብናልፋቸው ሰላም አንላቸውም። ድምፃቸውን ግን ከእህት ወንድሞቻችን ድምፅ እኩል እንለየዋለን።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ ይህን ወር ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ፊልሙን ባየን በማግሥቱ ልጄ አሻንጉሊቶቿን ደርድራ ትጫወታለች። እኔ ጓዳ ነኝ። መጀመሪያ ሊናን አስመሰለች፤ አፍንጫዋን ይዛ፣ ጮኽ ብላ። ሳቅሁ። ቀጥላ ደግሞ ለአሻንጉሊቶቿ ቡና እየቀዳች «ቡና ተቱ፣ ቡና ተቱ» አለችና ራሷ ተንከትክታ ሳቀች። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ባልደረባዬ አማርኛ ስትናገር «ጠ» ን ወደ «ተ» ጠጋ ታደርጋታለች። ልጄ ያስመሰለችው እሷን ነበር፤ የምትወዳትን፣ «አክስቴ» የምትላትን ሴት።

«ማን አስተማረሽ እንዲህ?» አልኳት ተቆጥቼ።

«አንቺ ነሻ! ለአባዬ ስታወሪ እንዲህ ትያለሽ» አለችኝ።

ምን ልበላት?

ሌላም አለ። ያ በአሥራ አራተኛው ሙከራ የተሳካልን ማስታወቂያ። የምሠራበት ተቋም ወርቅ አጣቢዎችና የገበያ ነጋዴዎች እንዲቆጥቡ የሚቀሰቅስ መልእክት በሞንታርቦ በገበያ ቀን እንዲነገር ፈልጎ ነበር። ጽሑፉን ያሰበችው ባልደረባዬ ናት። እኔ ከኮርስ ያገኘሁትን «የደንበኛ ፍላጎት» እያልኩ ሳቀርብ፣ እሷ ሰው ገንዘቡን የት እንደሚደብቅ፣ ሴቶቹ ከማን ጋር ዕቁብ እንደሚጥሉ፣ ዝናብ ሲገባ ብር ለምን እንደሚያልቅ ቃል በቃል ነገረችኝ። በአኝዋ ቋንቋ የሚነገረውንም በአማርኛ የሚነገረውንም እሷ ቀዳችው። አኝዋኛውን ተውኩት። አማርኛውን ግን አጥፍቼ በራሴ ድምፅ ቀዳሁት። «ለጆሮ ይሻላል» ነው ያልኳት። እሺ አለች። ሪፖርቱ ላይ «በገበያ ልማት ባለሙያዋ የተዘጋጀ» ተብሎ ስሜ ገባ። ገበያ ውስጥ አንዲት በርበሬ ሻጭ «አንቺ ልጅ፣ የእኛን ጉዳይ እንዲህ አብጠርጥረሽ ከየት አወቅሽው?» ስትለኝ ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

ልብ በሉ፣ እኔ ለዓመታት ራሴን ካቲ አድርጌ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራ እንደጀመርኩ በሌላ መሥሪያ ቤት የጻፍኩትን ዕቅድ አለቃዬ ስሜን አውጥቶ በራሱ ስም ሲያቀርበው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ያን ሌሊት ያለቀስኩት አይረሳኝም። ታዲያ የተገፋ ሰው ገፊ አይሆንም ያለው ማነው? የሰው ልጅ በየፊልሙ ራሱን የሚያገኘው ከተበደለው ጋር ነው። እኔ ግን በዚህኛው ማስታወቂያ ካቲ አልነበርኩም። በሰው ድምፅ መድረክ ላይ የቆምኩት፣ ሊና እኔ ነበርኩ።

በዚህ ዓይን ፊልሙን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ሊና ጥፋተኛ ናት፤ ካቲ ዕድሜዋን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ እንድትቀር ልታስገድድ ትሞክራለች። ለዚያ ቅጣቷን ብታገኝ አልከፋም። ነገር ግን ፊልሙ በሊና የሚያስቀን ገና ምንም ሳታጠፋ ነው፤ አፏን በከፈተች በመጀመሪያው ደቂቃ። ወንጀሏ ከመምጣቱ በፊት ድምፅዋ ወንጀል ሆኗል። አንድ ትዕይንት ላይ ዶንም ሊናም የአነጋገር አስተማሪ ይቀጠርላቸዋል። ዶን በአስተማሪው ላይ ቀልዶ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ደንሶ ትምህርቱን ያልፋል። ሊና ግን ቁጭ ብላ ከልቧ ትሞክራለች፣ ደጋግማ ትሞክራለች፣ አይሆንላትም። በዩኒቨርሲቲ ጊዜዬ በዶን ሳቅ አብሬ ስስቅ የሊናን ጥረት አላየሁትም ነበር።

ይህን ስል ፊልሙን አትዩት እያልኩ አይደለም። ከልጆቻችሁ ጋር እዩት። ዶናልድ ኦኮነር በግድግዳ ላይ ሮጦ ሲገለበጥ የማይስቅ ልጅ የለም፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ቀለሙና ዳንሱ ከ70 ዓመት በኋላም ትኩስ ነው። እኔ የምለው፣ ካያችሁ በኋላ ላፕቶፑን ዘግታችሁ ወደ ራት አትሩጡ ነው። ልጆቹን አንድ ነገር ጠይቋቸው፤ «በማን ሳቅን? ለምን ሳቅን?» የኮዝሞ መውደቅ የሚያስቀን እሱ ራሱ ሊያስቀን ፈልጎ ስለወደቀ ነው። ሊና ግን ሊያስቀን አልፈለገችም። ይህችን ልዩነት የሰባት ዓመት ልጅ ትረዳታለች። ልጄ ተረድታለች፤ ከእኔም ቀድማ ይመስለኛል።

ልጆች የሰው አነጋገር ማስመሰል የሚማሩት ከፊልም ብቻ አይደለም። ቡና ላይ የጎረቤታችንን አማርኛ እያስመሰልን ስንስቅ፣ የገጠር ዘመዳችን ስልክ ከዘጋ በኋላ ቃሉን ደግመን ስንቀልድ ጓዳ ሆነው ይሰማሉ። ክፋት ኖሮን አይደለም፤ ለወግ ማጣፈጫ ነው። ሆኖም ያ ወግ አድጎ ቢሮ ይገባና «ለጆሮ ይሻላል» የሚል ውሳኔ ይሆናል። እኔ ምስክር ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ባልደረባዬን ቢሮ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ የልጄን ነገር፣ የማስታወቂያውን፣ የሪፖርቱን። ይቅርታም ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ወረቀቷን ስታስተካክል ቆየች።

«ያኔ ስትደመስሺው አዝኛለሁ» አለችኝ። «ግን ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት።»

«አሁን በይ» አልኳት።

«አሁንማ እንቅዳው» አለች።

ለአለቃችን ሁለታችን ገብተን ነገርነው፤ ሪፖርቱ ላይ ስሟ ከስሜ በፊት ገባ። ቀረጻውን ለመጀመር ግን ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። እሷ አማርኛውን በራሷ ድምፅ፣ በራሷ «ተ» ቀዳችው። በአራተኛው ሙከራ አለቀ። ስልኩን ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ። የአኝዋውን ሰላምታ ደግሞ አንቺ በይው። ለጆሮ ይሻላል» አለችና ሳቀች።

ሞከርኩ። በአኝዋ ቋንቋ ሁለት ዓይነት «ተ» አለ፤ አንዱ ምላስ ከጥርስ ጋር ሲገናኝ የሚወጣ፣ ሌላው ከዚያ ወደ ኋላ። ለእኔ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንዱን ስል ሌላው ይወጣል፣ ሌላውን ስል ምንም አይወጣም። ከትምህርት ቤት መጥታ በር ላይ የቆመችው ልጄ፣ ከሰፈር ጓደኞቿ ቋንቋውን እየለመደች ያለች ልጅ፣ መታገሥ አቃታት።

«ማሚ፣ ምላስሽን ጥርስሽ ላይ አድርጊያ! እንዲህ አይባልም!»

ሁለቱም ተያይዘው ሳቁብኝ። ፊቴ ጋለ። ሊና እዚያ የአነጋገር ትምህርት ላይ ቁጭ ብላ የተሰማት ይህ መሆን አለበት አልኩ በልቤ። ከዚያ ምላሴን ጥርሴ ላይ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። ውጭ ዝናቡ ተመልሶ መጥቷል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም።

ወር ደርሶ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።